ወንድሜ ከሮቦት ጋር የተደባደበበት ዓርብ

ከንጋቱ 11፡30፣ ኔታኒያ

ባለቤቴ አንድ ዓይኗን ብቻ ከፍታ «ሃምሳ ሁለት ዓመትህ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬ በአዛውንቶች ቤት ውስጥ ሰው ማጠብና ማልበስ ነው፤ ዓርብ ደግሞ የዕረፍት ቀኔ ነው። በዚህች አንዲት የዕረፍት ቀኔ እስከ ቤርሼቫ የምወርደው ገና ለገበያ ያልወጣ የድብድብ ጌም ለመሞከር ነው ስላት ለመሳቅ እንኳ አልተነሳችም፤ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

የጨዋታውን ስም አልነግራችሁም። በር ላይ «ለማንም አልናገርም» ብዬ ፈርሜያለሁ። ስለ ወንድሜ አልናገርም ብዬ ግን አልፈረምኩም። ሰዓቱን የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ ባቡሩ በራሱ ይሂድ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ ብርቄ፣ በመታወቂያዋ ሲቫን፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤርሼቫ ውስጥ ጌም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አለ፤ እሷ እዚያ ናት። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ።

«ዶድ ተገኘ» አለችኝ፤ ዶድ በዕብራይስጥ አጎት ማለት ነው። «ዓርብ አባን ወደ ጌም ቤት አምጣልኝ። የሚፈርመው ወረቀት አለ። እኔ ብለምነው አይመጣም።»

«የምን ወረቀት?»

«ሲመጣ ይሰማዋል።»

«ባይፈርምስ?»

«ከዓርብ ካለፈ ከጨዋታው ያወጡታል።»

«ምኑን?»

«ሲመጣ ይሰማዋል አልኩህ።»

ወንድሜ ሞላን የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ ይመስለዋል። ጋሼ ሞላ ያላነበበውን ወረቀት አይፈርምም፤ የሚያነበው ደግሞ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ ነው። አንድ ጊዜ ባንክ ቤት አብሬው ሄጄ ጸሐፊዋ ምሳዋን በልታ ተመልሳ ሁለተኛው ገጽ ላይ አግኝታዋለች። ስለዚህ እውነቱን ትቼ ሌላ ነገር ነገርኩት፦ «ብርቄ መሥሪያ ቤት የወላጆች ቀን አለ» አልኩት።

«በዚህ ዕድሜዋ?»

«ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አልኩ። ስልክ ላይ ፊት ስለማይታይ ምስጋና ይግባው።

ከጠዋቱ 12፡50፣ ባቡር ውስጥ

ዓርብ ጠዋት ባቡሩ የወታደር ነው። በየወንበሩ ቦርሳ፣ ከቦርሳው ሥር ቡትስ፣ ከቡትሱ በላይ አፉን ከፍቶ የተኛ የሰው ልጅ። ከፊቴ የተቀመጠችው ወታደር ብቻ ነቅታ ሱፍ ትፈለፍላለች። የእኛው ልጅ ናት፤ በግማሽ አማርኛ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ለአን ነው የምትሄደው?» ወዴት ማለቷ ነው።

«ቤርሼቫ፣ ጌም ቤት።»

«ልጅህን ልታመጣ?»

«አይ። ወንድሜን ልወስድ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስልሳ አራት።»

ቀስ ብላ የጆሮ ማዳመጫዋን መልሳ አደረገች።

ከኪርያት ጋት በኋላ መሬቱ ቢጫ ይሆናል። የታጨደ ስንዴ፣ የተጠቀለለ ገለባ፣ ቀጥሎ ምንም፣ ቀጥሎ የቆርቆሮ ቤቶችና ጥቂት ግመሎች። ስልኬን አወጣሁና ለወንድሜ ምን እንደምለው ልለማመድ ሞከርኩ። ሦስት ዓይነት አነጋገር አዘጋጀሁ። ሦስቱም ውሸት ነበሩ።

ከጠዋቱ 2፡10፣ ታሃና መርካዚት

ከባቡር ወርዶ ወደ ታሃና መርካዚት፣ ወደ ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ፣ መሻገር ደቂቃ አይፈጅም፤ ሙቀቱ ግን ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። አይብ የተሞላ ትኩስ ቡሬካስ፣ የናፍጣ ሽታ፣ ከገበያ ሎሚና ከሙን የተሸከሙ ሴቶች፣ ባለ ብስክሌት ተማሪዎች፣ ለሻባት፣ ለሰንበቱ፣ አበባ የሚሸጥ ሰው። ወደ ወንድሜ ሰፈር የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ወጥቼ ሹፌሩን «በሽኩና ዳሌት ያልፋል?» አልኩት።

«እስከ ትናንት ያልፍ ነበር» አለኝ ሳያየኝ። «ዛሬም ተቀመጥና እንሞክረው።»

ከጠዋቱ 2፡50፣ ሽኩና ዳሌት

ጋሼ ሞላ ከሕንፃው በታች ቆሞ አገኘሁት። ጥቁር ሱፍ ልብስ፣ ክራቫት፣ ኮፍያ፣ የተወለወለ ጫማ። በብብቱ ሰማያዊ ፋይል ይዟል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰርተፊኬቶቿ ናቸዋ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ።» ፋይሉን መታ መታ አደረገው። «የወላጆች ቀን ባዶ እጅ ይኬዳል?»

ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ ብላ «አባባ ሞላ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ኢንጂነሯን ሳሙልን!» አለች። ደረጃው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

ወንድሜን ላስተዋውቃችሁ። ሞላ ሾሜር ነው፤ ሾሜር ጥበቃ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ፣ በአንዲት ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ቦርሳ ሲያይ ኖሯል። ባለቤቱ አልጋነሽ ከሦስት ዓመት በፊት አረፈች። ብርቄ ብቸኛ ልጁ ናት፤ ያው እዚሁ ከተማ ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው። ስለ ሥራዋ የሚያውቀው «ኮምፒዩተር» የሚለውን ቃል ብቻ ነው፤ ቀሪውን ጎረቤቶቹ ጨመሩበት።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ስለ ድሮው የወላጆች ቀን አወራኝ። ብርቄ አሥር ዓመቷ ሳለ ነው። መምህርቷ በዕብራይስጥ ትናገራለች፣ ብርቄ መሐል ተቀምጣ ለአባቷ ታስተረጉማለች። መምህርቷ ቅንድቧን ሰብስባ፣ ጣቷን እያወዛወዘች ረጅም ነገር ትናገራለች፤ ብርቄ «በጣም ጎበዝ ነሽ አለችኝ» ትላለች። መምህርቷ ጠረጴዛውን ትመታለች፤ ብርቄ «እንደ እሷ ያለ ተማሪ አላየሁም አለች» ትላለች።

«እና አመንካት?»

«ያ እንኳ እውነት ሳይሆን አይቀርም» አለ ጋሼ ሞላ። «እንደ እሷ ያለ አላየችም ይሆናል።»

ከጠዋቱ 4፡05፣ ጌም ቤቱ

ጌም ቤቱ ከአውቶቡስ ጣቢያው ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ አንድ የገበያ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ሳይጠይቀው ጋሼ ሞላ ፋይሉን ከፍቶ አሳየው፤ ስለ እግሩ ጠየቀው፤ «ወንበርህን ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር አታድርግ» ብሎ መከረው። ሾሜርን ሰላም ሳይል አልፎ አያውቅም።

ከዚያ ደረጃውን ወረድን። ጨለማ፣ ቀይና ሰማያዊ መብራት፣ አሻንጉሊት በብረት ጥፍር የሚያነሱበት ሣጥን፣ የፋንዲሻ ሽታ፣ ከሃያ ማሽን የሚወጣ የተኩስና የደወል ድምፅ። አንድ ጥግ በጥቁር ጨርቅ ተከልሏል። አዲሱ ጨዋታ እዚያ ነው።

ጋሼ ሞላ ክራቫቱን አስተካከለ። «ቢሮዋ የት ነው?»

«ይሄው ነው።»

ዙሪያውን ቃኘ። ቁምጣ የለበሱ ተማሪዎች፣ የደንብ ልብሳቸውን ያላወለቁ ወታደሮች። «ወላጆቹስ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዮናታን መጣ። ዮናታን የሙከራው ኃላፊ ነው፤ ሰላሳ ዓመት የማይሞላው፣ በሸበጥ ጫማ ሥራ የሚመራ ሰው። ስልኮቻችንን በላስቲክ ከረጢት ሰበሰበና የምስጢር ወረቀት ሰጠን። እኔ ፈረምኩ። ጋሼ ሞላ መነጽሩን አወጣ።

አንድ አንቀጽ አነበበ። ከኋላችን ሰልፍ ተፈጠረ። ሁለተኛውን አንቀጽ አነበበ። ሰልፉ ደረጃው ላይ ደረሰ። ዮናታን በጸጉሩ ጣቱን ሰደደና «አባባ፣ ግባ፣ ግባ፣ ችግር የለም» አለው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ምስጢር እንዲጠብቅ ያልተገደደ ብቸኛ ሰው ወንድሜ ሆነ።

ብርቄ ከጨርቁ ጀርባ ወጣች። ጸጉሯን ወደ ላይ አስራ፣ እስክሪብቶ ሰክታበታለች። የአባቷን ክራቫት አየች። ፋይሉን አየች።

«አባ… ማ ዜ?» ምንድን ነው ይሄ ማለቷ ነው።

«ሰርተፊኬቶችሽ።»

ወደ እኔ ዞረች። እኔ አሻንጉሊት ማንሻውን በጥሞና ማየት ጀመርኩ።

ከጠዋቱ 4፡30፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ጀርባ

ጨዋታው ሦስት ለሦስት ነው፤ ሦስቱን አንድ ሰውም፣ ሦስት ሰው ተከፋፍሎም መጫወት ይችላል። አንዱ ይደባደባል፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ከኋላ ይጠብቃሉ። የሚደባደበው ሲደክም ተጫዋቹ ቢጫዋን ቁልፍ ይጫናል፤ ተጠባባቂው ዘሎ ይገባል፣ የደከመው ወጥቶ ያርፋል።

«እንደ ፈረቃ ነው» አለ ጋሼ ሞላ። ገባው። እኔ ገና አልገባኝም ነበር።

ሁለት ተማሪዎች ማሽኑ ላይ ቆመዋል። በአንዱ በኩል ትልቅ ሮቦት ገባ። በሌላው በኩል የገባው ተደባዳቢ ጡንቻ የለውም፣ እሳት አይተፋም። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ግራጫ ኮፍያ፣ ጎበጥ ያለ ጀርባ፤ በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው እጁ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር። ተማሪዎቹ «ሾሜር! ሾሜር!» ብለው ጮኹ።

ጋሼ ሞላ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ይሄ ሰውዬ የማውቀውን ሰው ይመስላል።»

«ማንን?»

«ፈንታን። ማታ ማታ የሚተካኝን። አካሄዱን አየኸው? ቁርጥ ፈንታ።»

ሰው የራሱን ጀርባ አያውቅም። እኔ ግን አወቅሁት።

በዚህ ጊዜ ማሽኑ ተናገረ። «ቲክ በቫካሻ!» አለ። ቦርሳ እባክዎ ማለት ነው። ወንድሜ ወደ በሩ ዞረ፤ ሰው የመጣ መስሎታል። ሾሜሩ ሮቦቱን በወንበር አናቱን አለው። ሮቦቱ መልሶ መታው፤ ሾሜሩ ወደቀና በአማርኛ «ኧረ ጉልበቴን!» አለ። ተነሣ፣ ዱላውን አሽከረከረ፣ ሮቦቱን ጣለው፣ ወንበሩን ዘርግቶ ተቀመጠበትና በለሰለሰ ድምፅ «በልተሻል ወይ?» አለ።

አዳራሹ ሁሉ፣ ትርጉሙን አንዱም ሳያውቅ፣ «ባልታሻል ዋይ!» እያለ አብሮ ጮኸ።

ጋሼ ሞላ አልተንቀሳቀሰም። ከንፈሩ ብቻ «በልተሻል ወይ» የሚለውን ያለ ድምፅ ደገመው፤ ልብሱን መስተዋት ፊት እንደሚለካ ሰው።

ሁለተኛው ዙር ጀመረ። ሾሜሩ ደከመ። ተማሪው ቢጫዋን ቁልፍ ተጫነ። ከማሽኑ የወጣው ድምፅ ከሌሎቹ የተለየ ነበር፤ የተቆራረጠ፣ ትንፋሽ ያጠረው።

«ቶሎ ነይ!»

ባልደረባው ወዲያው ዘሎ ገባ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ወንድሜ ፋይሉን ከብብቱ ወደ ደረቱ አዞረው፤ ማንንም ሳይገፋ፣ «ስሊኻ፣ ስሊኻ» ይቅርታ ይቅርታ እያለ፣ በተማሪዎቹ መሐል አልፎ ደረጃውን ወጣ።

ከጠዋቱ 5፡10፣ ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ

አውቶቡሶቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ የወላጆች ቀን የሚባል ነገር የለም» አልኩ። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«አውቄዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሸበጥ ያደረገውን ልጅ ሳይ።»

ብርቄ ወጣች። አትቀመጥም፣ አትሄድም፤ ከፊታችን ቆመች። በግማሽ ዕብራይስጥ፣ በግማሽ አማርኛ አስረዳች። ድምፁ የእሱ ነው። ባለፉት ዓመታት በስልክ ከላከላት የድምፅ መልእክቶች እየቆረጠች ነው የሠራችው። መጀመሪያ ለሙከራ ብቻ ብላ ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደደው፤ አሁን ግን ያለ ባለቤቱ ፊርማ ድምፁ ለገበያ አይቀርብም፤ ዛሬ ካልተፈረመ ተዋናይ ቀጥረው በሌላ ድምፅ ይተኩታል።

«ልነግርህ ነበር» አለች። «አፈርኩ።»

«ሥራ ላይ ሆኜ የላክሁልሽን ነው የቆረጥሽው» አለ ጋሼ ሞላ። «‹ብርቄ፣ ምሳ›፣ ሰው ሲመጣ ‹ቲክ በቫካሻ›፣ ከዚያ ‹ምሳ በልተሻል ወይ›።»

«አዎ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት በር ላይ ተቀምጬ ስሜን የጠየቀኝ የለም። አሁን ደግሞ ይስቁብኛል።»

«አባ፣ አይስቁብህም። ሁሉም አንተን ነው የሚመርጡት። ሮቦቱን የሚመርጥ ጠፍቷል።»

አንድ አውቶቡስ በሩን በትንፋሽ ዘጋና ሄደ።

«‹ቶሎ ነይ› የምትለዋን» አለ። «መቼ እንዳልኳት ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እናትሽን አምቡላንስ ሲወስዳት ነው።»

«አውቃለሁ አባ። ሁሉንም ቀኑን አውቃለሁ።» የላስቲክ ከረጢት የማይመለከተው የሠራተኛ ስልኳን አውጥታ አሳየችው። ረጅም ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ መልእክት ርዕስ አለው፤ በዕብራይስጥ ጽፋዋለች። ስለ ዝናቡ። ስለ ፈንታ ልጅ ሠርግ። ቁልፉ የት እንዳለ። ዝም ብሎ።

«ዝም ብሎ ምንድን ነው?»

«ምንም ሳትል የላክኸው። አርባ ሰከንድ ትተነፍሳለህ፤ ከዚያ ይዘጋል።»

«እኔ እኮ የምትሰሚው አይመስለኝም ነበር» አለ ወንድሜ። «አውራ ጣት ነው የምትልኪልኝ። አንድ ሰዓት አውርቼ፣ አንድ አውራ ጣት።»

«አማርኛዬ ያስቃል ብዬ ነው። በድምፅ መመለስ አፍራለሁ።»

ከዚያ ተቀመጠች። ከእሱ አጠገብ አልተቀመጠችም፤ ከእኔ በኩል ነው። መሐል ሆንኩ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰው ወደ አውቶቡስ ማየት ነው ያለበት፤ አየሁ።

«ለምን አስገባሻት?»

«ጨዋታው ውስጥ ‹ቶሎ ነይ› ስትል የሚመጣው ሰው አንድ ሰከንድ አይሞላበትም። እኔ ነኝ የለካሁት።» እስክሪብቶውን ከጸጉሯ ነቅላ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «እኔ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስደርስ እማ አትናገርም ነበር።»

«አውቶቡስ ዘግይቶብሽ ነው» አለ ጋሼ ሞላ።

«አውቶቡስ አልነበረም አባ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኩን አይቼ ገለበጥኩት።»

አየኋት ማለት አልችልም፤ ሰማኋት። ወንድሜ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ለለቅሶ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ለቄሱም ጭምር፣ አውቶቡስ ነው ብያለሁ» አለ። «አሁን እንዳትቀይሪብኝ።»

ብርቄ መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። አልሳቀችም። እኔ ተነሥቼ ውሃ ልገዛ ሄድኩ፤ ውሃ የጠማው ሰው አልነበረም። ስመለስ የተነሣሁበት ቦታ ጠፍቷል፤ ሁለቱ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፣ ሰማያዊው ፋይል ተከፍቶ የሁለተኛ ክፍል የሒሳብ ውጤቷ ላይ ይከራከራሉ።

ከጠዋቱ 5፡45፣ የሽልማት መጋዘን

ጋሼ ሞላ ወረቀቱን አነበበ። አራት ገጽ ነው። ዮናታን በዚህ መሐል ሁለት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የድምፆቹ ዝርዝር ነበር፤ ወንድሜ እስክሪብቶ ጠየቀና «ቶሎ ነይ» የምትለዋን በወፍራም መስመር ሰረዛት። ከዚያ ፈረመ፤ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፈ።

ዮናታን ወረቀቱን አየና ፊቱ ተቀየረ። ቢጫዋ ቁልፍ ድምፅ አልባ ቀረች ማለት ነው፤ የቡድን ጨዋታ ያለ ጥሪ አይሆንም፤ ሥራው ደግሞ ዛሬ ይዘጋል። ብርቄ «አሁኑኑ አዲስ እንቅዳ» አለች።

ጸጥ ያለ ክፍል ተፈለገ። የተገኘው የአሻንጉሊት ሽልማቶች መጋዘን ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ ድብ፣ ድብ፣ ድብ፤ ሮዝ ድብ፣ ቢጫ ድብ፣ በላስቲክ የታሸገ ድብ። ድምፅ ይውጣሉ፤ ዮናታን «ከስቱዲዮ ይሻላል» አለ። ጋሼ ሞላን በሱፍ ልብሱ በድቦች መሐል አቆሙትና ማይክራፎን ያዙለት።

«ጓደኛህን ስትጠራ ምን ትላለህ?» አለችው ብርቄ።

አሰበ። «ተራሽ ነው» አለ።

ቀዱ። ዮናታን ራሱን ነቀነቀና በዕብራይስጥ ረጅም ነገር ተናገረ፤ በጣም ቀስ አለ፣ ሮቦት እየደበደበው ያለ ሰው አይመስልም፣ ይጩኽ።

ብርቄ ወደ አባቷ ዞረች። «በጣም ጥሩ ነው አለ። እንደገና በል።»

«ተራሽ ነው» አለ፣ እንደ በፊቱ።

ዮናታን ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ብርቄ፦ «ግሩም ነው አለ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ጋሼ ሞላ ማይክራፎኑን በእጁ ከለለው። «ብርቄ፣ በመምህርትሽ ጊዜም ሰምቼሻለሁ፤ ዕብራይስጥ እንዲህ አይጠፋኝም። ልጁ ጩኽ ነው ያለኝ። ልጄን ጮኼ አልጠራም በይልኝ። ከፈለገ ሮቦቱ ላይ እጮሃለሁ።»

በእሷ ምትክ እኔ አስተረጎምኩ፤ በትክክል። ዮናታን ጥቂት አሰበና «የሮቦቱንም እንቅዳ» አለ። ወንድሜ ሮቦቱ ላይ ሲጮህ ሁለት ድብ ከመደርደሪያው ወደቀ። በጎንደር ሰዎች ከገደል ወደ ገደል የሚጠራሩበት ድምፅ ነው፤ እኔ ራሴ ከልጅነቴ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ነገር ቀረ፦ ሳቅ። ከዚያ ሁሉ መልእክት ውስጥ ብርቄ ሳቅ ፈልጋ አላገኘችም።

«ሳቅ» አለው ዮናታን።

«ምን ያስቃል?» አለ ጋሼ ሞላ። ድቦቹን ቃኛቸው። ሞከረ፤ የወጣው ሳል ነበር። ዮናታን «ተዋናይ ይስቅልሃል» ብሎ መቅጃውን ዘጋ።

ከቀኑ 6፡30፣ ማሽኑ ፊት

እስካሁን አንዳችንም እንዳልተጫወትን ትዝ አለኝ። የመጣሁት ልሞክር ነው፤ እንሞክር አልኩ። ሦስታችን አንድ ቡድን ሆንን። እኔ እሳት የምትተፋዋን ሴት መረጥኩ፣ ብርቄ አራት እጅ ያለውን ዳቦ ጋጋሪ፣ ጋሼ ሞላ፣ ብዙ አመንትቶ፣ ራሱን። የገጠሙን ሁለት ተማሪዎችና አንድ ወታደር ናቸው።

ተሸነፍን። በዝርዝር መናገር አያስፈልግም፤ እሳት የምትተፋዋ ሴት በእኔ እጅ ውስጥ እሳቱን ወደ ግድግዳ ብቻ ነው የተፋችው። እንደገና ተሸነፍን። በሦስተኛው ላይ ጋሼ ሞላ አንድ አዲስ ነገር አወቀ፦ ሾሜሩ ከመታ በኋላ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ጉልበቱ ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ መታና ተቀመጠ፤ መታና ተቀመጠ።

«ምት የሚያውቅ ሰው ዱላን በግራ አይጀምርም፤ ይሄን አስተካክሉት» ይላል ለብርቄ፣ ቁልፉን እየደበደበ። እሷ እጇ ላይ ትጽፋለች።

ሮቦቱ ሾሜሩን አየር ላይ አነሣው። ወንድሜ ቢጫዋን ቁልፍ በመዳፉ መታት። ማሽኑ ቶሎ ነይ አላለም፤ ያ ድምፅ ከአሥር ደቂቃ በፊት ከጨዋታው ወጥቷል፣ አዲሱ ገና አልገባም። ስለዚህ ጋሼ ሞላ ራሱ፣ በአፉ፣ «ብርቄ፣ ተራሽ ነው!» አለ።

ዳቦ ጋጋሪው ገባ። ሮቦቱን በአራት እጁ ሊጥ እንደሚያቦካ ያቦካው ጀመር፤ ብርቄ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ በሁለት እጇ። ወታደሩ «ይሄ አይፈቀድም!» እያለ ይጮሃል። ሮቦቱ ወደቀ። እኔ ደግሞ በደስታ አንድ ቁልፍ ተጫንኩ፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። እሳት የምትተፋዋ ሴት ሳትጠራ ገብታ፣ ወደ ግድግዳ ተፍታ፣ በራሷ እሳት ተቃጥላ ወደቀች። ተሸነፍን።

ጋሼ ሞላ ሳቀ። በአፍንጫው ጀመረ፤ ከዚያ ትከሻው፤ ከዚያ ማሽኑን በሁለት እጁ ይዞ፣ ክራቫቱ ቁልፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ተገኘ» ይላል፣ «ተገኘ፣ ራስህን አቃጠልክ እኮ!» ብሎ ደግሞ ይጀምራል።

ዮናታን ከሩቅ ሰምቶ በሸበጡ እየተንሸራተተ መጣ። «ማይክራፎኑ! ማይክራፎኑ የት ነው?»

ማይክራፎኑ በድቦቹ መሐል፣ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነበር። ብርቄ አልተንቀሳቀሰችም። አባቷን እያየች፣ በአማርኛ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «እኔ ሰምቼዋለሁ» አለች።

ከቀኑ 7፡40፣ ወደ ጣቢያው

ዓርብ ነው፤ ከሻባት በፊት ያለው ባቡር አይጠብቅም። «ጋሼ፣ ልሂድ» አልኩት።

በእኛ ቤት እንግዳ ብቻውን አይሄድም። ጋሼ ሞላ ደግሞ በዚህ ነገር የታወቀ ነው፤ እስከ ባቡሩ በር ሸኝቶ፣ ወንበሬን ካላየ፣ ባቡሩ ሲነሣ እጁን ካላውለበለበ የሸኘኝ አይመስለውም። አንድ ጊዜ በትኩሳት ሸኝቶኛል። ሊመጣ ኮፍያውን አነሣ፤ ወደ ማሽኑ ዞር አለ። እንደገና ለመጫወት ተሰልፏል፤ ከፊቱ ሁለት ወታደሮች ነበሩ፤ ሰልፉን ከለቀቀ ከኋላ መጀመር ሊሆን ነው።

«አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ አይደል?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ።»

«ሁለት መንገድ ነው የምትሻገረው።»

«አውቀዋለሁ ጋሼ።»

«ሻባት ሻሎም» አለና ሦስት ጊዜ ሳመኝ። ብርቄ ሰማያዊውን ፋይል በብብቷ ይዛ፣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ የዱላውን አያያዝ ታሳየዋለች፤ እሱ ያርማታል። ደረጃውን ስወጣ ዞር ብዬ አየሁ። አላዩኝም።

ከቀኑ 10፡20፣ ኔታኒያ

ባለቤቴ ሻማዎቹን እያዘጋጀች ነበር። ማን አሸነፈ ብላ አልጠየቀችም። «እስከ ባቡሩ ማን ሸኘህ?» አለችኝ።

«ማንም።»

እጇ ቆመ። ሰላሳ ዓመት በትዳር ስንኖር እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። «ከጋሼ ሞላ ጋር ተጣልታችሁ ነው?»

«የለም» አልኳት፣ ጫማዬን እየፈታሁ። «ሰልፍ ላይ ነበር።»